የአየር መርከቡ ሽምግልና

«ሲያራግፍስ? እሱን ንገረኝ! ድንቹን ከእንጅባራ ጭኖ መጣ እንበል። እዚህ ዳንግላ አራገፈ። ቀለለ። ከዚያ በኋላ ምን ይይዘዋል?»

ይህን የሚጠይቀኝ መሐንዲስ አይደለም። ጋሽ አንሙት ናቸው፤ የዳንግላ ባለ ጋሪ፣ የትርንጎ አባት። አማቴ ሊሆኑ የነበሩ ሰው።

«ሊሆኑ የነበሩ» የምትለውን ልብ በሉልኝ። ወደዚያው ነው የምንሄደው።

እሳቸው ቤት መሀል ቆሜያለሁ። የላክኋቸው ሦስት ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ሽማግሌ የላከ ልጅ እዚያ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል እንዳትሉኝ! እኔም ራሴን እየጠየቅሁ ነበር።

«እሱማ ጋሽ አንሙት…» አልሁ። «በቴክኖሎጂ ይያዛል።»

በቴክኖሎጂ!

ወገኖቼ፣ ከዚህ ዓረፍተ ነገር በኋላ እንዴት በሕይወት ወጥቼ ይህን እንደምጽፍላችሁ እኔም አልገባኝም። ላቤ ከጀርባዬ ተነሥቶ ካልሲዬ ደርሷል። ሸሚዙ ደግሞ የሰው ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። እንጅባራ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። መታወቂያ አባዛለሁ፣ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ በመሀል በመሀል እዚህ ገጽ ላይ ግጥም እለጥፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። ስታነቡት ይታወቃል።

የአየር መርከብ ነገር የጀመረኝ ደግሞ አምና ነው። ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ቪዲዮ አያለሁ። ለማታውቁት፦ ረጅም፣ እንደ ዱባ ፍሬ ጫፍና ጫፉ የሾለ ፊኛ አስቡ፤ ግን የኳስ ሜዳ የሚሸፍን። ውስጡ ከአየር የሚቀል ሂሊየም የሚባል ጋዝ አለ። የድሮዎቹ በሚነድ ጋዝ ይሞሉ ነበር፣ ይሄኛው አይነድም። ሞተር አለው፣ ከሆዱ ሥር ሰውና ዕቃ የሚይዝ ክፍል አለው። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ረጅም ማኮብኮቢያ አይፈልግም። በውጭ አገር ቱሪስት ይዘው የሚዞሩ አሉ፤ ጭነት እንዲያመላልሱም እየሠሩዋቸው ነው።

ማኮብኮቢያ አይፈልግም! ይህን ስሰማ ያሰብሁት አንድ ሰው ነው። አዘና ያለችው አክስቴ።

ከጥቂት ዓመት በፊት ነው፣ ክረምት ነበር። አክስቴ ምጥ ይዟት መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ነበር። ስምንት ሆነን በቃሬዛ ተሸክመን አስፋልት አወጣናት። እየተፈራረቅን። አንዱ ጫፍ ላይ እኔ ነበርሁ። እግሬ በተንሸራተተ ቁጥር አክስቴ ቃሬዛው ላይ ሆና «አይዞህ» ትለኛለች። እሷ እኔን!

ተርፋለች። ልጁም አለ፤ ይሮጣል። ግን እኔ ከዚያ ወዲህ ደመና ባየሁ ቁጥር «ከዚያ ላይ የሚወርድ ነገር ቢኖር» እላለሁ።

ይቺን ወሬ ያዙልኝ። ዛሬ በጊዜዋ ብናገራት ኖሮ ይህን ፖስት አታነቡም ነበር።

አሁን ወደ ነሐሴ ሚካኤል።

የዚያን ዕለት እኔና ትርንጎ ዘንገና ሐይቅ ሄድን። (ትርንጎ ዳንግላ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ለአባቷ «እንጅባራ አክስቴ ቤት ነኝ» ብላለች። እናንተም እንዳልሰማችሁ ሁኑ።) ስንመለስ ባጃጁ ጭቃ ይዞት ቀረ። ሹፌሩ ገፊ ሰው ሊፈልግ ሄደ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፣ እኛ ውስጥ ተኮራምተናል።

ትርንጎ «አሁን ያ መርከብህ መጥቶ ብድግ ቢያደርገን» አለች።

እኔም ስልኬን አወጣሁና እዚያው ጻፍሁ፦

«ዛሬ ከዘንገና ዳንግላ በአየር መርከብ በረርሁ። ደመናው ከእግሬ ሥር ነበር። የእንጅባራ ቆርቆሮዎች ከላይ ሲታዩ ሊደርቅ የተሰጣ ወረቀት ይመስላሉ። ከጎኔ ያለችው ልጅ መስኮቱን በእጇ ጠረገችው፤ አገሩ ሁሉ ታየ።»

አነበብሁላት። እስክታለቅስ ሳቀች። የባጃጁን ሸራ በመዳፏ ጠረገችው። ከዚያ የሚበልጥ ቀን የለኝም።

ፖስቱ ግን ከእኔ እጅ ወጣ! ሼር በሼር ሆነ። «ትኬቱ የት ነው የሚቆረጠው?» «የጫግኒ መስመር ይጨመርልን!» «ትርፍ ይጭናል ወይ?» እኔም ደረቴን ነፍቼ «በቅርቡ» እያልሁ እመልሳለሁ።

በቅርቡ! ማን ሆኜ?

ከዚያ የሽምግልናው ቀን ደረሰ። ዋናው ሽማግሌ አጎቴ ጋሽ ይስማው ናቸው። የሽማግሌ ሥራ ልጁን ማሞገስ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ሲያሞግሱ ልክ የላቸውም። ችግሩ የሚሞገስ ነገር ማግኘቱ ላይ ነው።

«ምን ልበላቸው?» አሉኝ ባለፈው ሳምንት። «መሬት የለህ፣ ከብት የለህ። ወረቀት ያባዛል ልበል?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ የበረርህበት ነገር እውነት ነው? ልጆቹ አንብበውልኛል» አሉ።

«እሱ የወደፊቱ ነው ጋሼ» አልሁ።

«አሃ! ወደፊት እዚያ ልትቀጠር ነው!»

እዚህ ላይ አፌን ከፍቼ «አይደለም» ማለት ነበረብኝ። አምስት ፊደል ነው። ዝም አልሁ። ፊታቸው እንዴት እንደበራ ብታዩት እናንተም ዝም ትሉ ነበር።

ትናንት ከሰዓት ትርንጎ ደወለች።

«አንድ ነገር ብቻ» አለችኝ። «ሽማግሌዎቹ የሆንኸውን ይናገሩ። አባዬ ጋሪ ነጂ ነው፤ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣ ሰው ይንቃል ብለህ ነው? ውሸት ነው የማይወደው። ደግሞ የሚካኤልን ዕለት ማንም እንዳያነሣት። እኔ አክስቴ ቤት ነበርሁ።»

«አታስቢ» አልሁ።

አታስቢ ብዬ ዘጋሁና ሌሊቱን በሙሉ ሳስብ አደርሁ።

ዛሬ ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ እኔ ውጭ ቀረሁ። ደንቡ ነው፤ ልጁ አይገባም። ቤቱ ጥግ ጋሽ አንሙት ቦራ የሚሉት ፈረሳቸው ታስሯል። ፈረሱ አየኝ። ከላይ እስከ ታች። ከዚያ ፊቱን አዞረ። ምልክት አይደለም ትላላችሁ?

ውስጥ ያለው ድምፅ ይሰማኛል። መጀመሪያ «ቆመን ነው የምንናገር»፣ ከዚያ «ኧረ ተቀመጡ»፣ ከዚያ የአጎቴ ድምፅ። ከፍ እያለ። ከፍ እያለ።

«…የአየር መርከብ! አዎ! እንጅባራ ላይ ጣቢያው ሲከፈት ኃላፊው የእኛ ልጅ ነው!»

ኃላፊም ሆኛለሁ!

ከዚያ በሩ ተከፈተና ሁለተኛው ሽማግሌ መሪጌታ ብቅ አሉ።

«ና ግባ። ተፈልገሃል።»

«እኔ? ልጁ ይገባል እንዴ?»

«አይገባም» አሉ መሪጌታ። «ግባ።»

እንግዲህ ከላይ የተውኋችሁ ቦታ ደረስን። «በቴክኖሎጂ ይያዛል።»

ጋሽ አንሙት አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ሁለት እጃቸውን ፊት ለፊት ዘረጉ፣ የጋሪ እንጨት እንደያዘ ሰው።

«ስማኝ ልጄ። ጋሪ ሁለት ጎማ ነው። ሸክሙን ወደፊት ካበዛኸው ፈረሱን ይጫነዋል። ወደኋላ ካበዛኸው ፊቱ ይነሣና ፈረሱን ያንጠለጥለዋል። ስናራግፍ እንኳ አንዱን ከኋላ፣ አንዱን ከፊት እያልን ነው። ይሄ መሬት ላይ ያለው ነው! ያንተው አየር ላይ ነው። ሲራገፍ ሽቅብ አይነጠቅም?»

ታውቃላችሁ? ትክክል ናቸው። እነዚያን ቪዲዮዎች ሁሉ ያየሁ ሰው ነኝ። የሚሠሩት መሐንዲሶች ራሳቸው የሚጨነቁበት ይሄው ነው፦ ዕቃ ሲያወርድ በምትኩ ውኃ ወይም ሌላ ክብደት ካልጫነ ይነሣል። ጋሽ አንሙት አንድ ቪዲዮ ሳያዩ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ደረሱበት!

«አላውቅም፣ ገና እየተሠራበት ነው» ብል ምን ነበረበት?

አጎቴ ግን በዓይናቸው «በል!» ይሉኛል።

ሦስተኛው ሽማግሌ ወደ መሪጌታ ጠጋ ብለው በአገውኛ «ልጁን አሞታል እንዴ? ላቡን እዩት» አሉ። ከተሜ ነው፣ አይሰማም ብለው ነው። እሰማለሁ አባቴ! ሁሉንም እሰማለሁ!

ጋሽ አንሙት ቀጠሉ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ ዝግ አለ።

«ለወሬ አይደለም የጠራሁህ። የቦራ ታናሽ አለች፣ ግልገል ፈረስ። ዘንድሮ ጋሪ ላለምዳት ነበር። ባጃጁ መጣ፣ ሥራችን ቀነሰ፣ ቻልነው። አሁን አጎትህ ከሰማይ የሚመጣ አለ ይሉኛል። የሚመጣ ከሆነ ግልገሏን ማሰቃየት የለብኝም፣ ለሚያርስባት እሰጣታለሁ። ስለዚህ እውነቱን ንገረኝ። አንተ በዓይንህ አይተኸዋል? ተሳፍረህበታል?»

አያችሁ? ሰውየው ኑሯቸውን በእኔ ፖስት ሊወስኑ ነው! በዚያች ባጃጅ ውስጥ በተጻፈች!

አሁን ነው፣ አሁን ተናገር፣ አልሁ ለራሴ። አጎቴን አየሁ። ለዚህ ቀን ብለው አዲስ ጋቢ ለብሰዋል።

«አዎ» አልሁ።

አንዲት ቃል።

«መቼ?»

እኔ ሳልመልስ አጎቴ ብድግ አሉ። «የነሐሴ ሚካኤል ዕለት! ስልኩ ላይ ተጽፏል! ከዘንገና እዚህ ዳንግላ!»

የጓዳው መጋረጃ ተንቀሳቀሰ።

ወገኖቼ፣ ሽማግሌ በመጣበት ቀን የምትጠየቀው ልጅ ብቅ አትልም። ደንብ ነው። ዛሬ ግን ደንብ የሚባል ነገር እኔ ስገባ ወጥቷል።

ትርንጎ መሀላችን ቆመች። እኔን አላየችኝም።

«አልበረረም አባዬ።»

አንድ እርምጃ ወደ አባቷ ቀረበች።

«የሚካኤል ዕለት ከእኔ ጋር ነበር። ዘንገና። ባጃጃችን ጭቃ ይዞት ስንበሰብስ ዋልን፤ የጻፈውም እዚያ ሆኖ ነው፣ ለጨዋታ። አክስቴ ቤት ነኝ ያልሁህ ውሸቴን ነው። ግልገሏን ለማንም እንዳትሰጣት።»

የእኔን አንዲት ቃል ለማስተካከል የራሷን ሁሉ አወጣች። በአባቷ ፊት። በሦስት ሽማግሌ ፊት።

አጎቴ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

እኔ ያን ጊዜ ምላሴን ፈታሁ። አዘናን፣ ቃሬዛውን፣ አክስቴ «አይዞህ» ያለችኝን፣ ፎቶ ኮፒውን፣ አውሮፕላን እንኳ ከሩቅ እንጂ ቀርቤ አይቼ እንደማላውቅ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍሁት። «ይመጣ ይሆናል ጋሽ አንሙት። እኛ አገር መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ሲራገፍ ምን እንደሚይዘውም አላውቅም። ቢመጣ ግን እኔ የምፈልገው ለአክስቴ ዓይነቷ ነው። ግልገሏን ያልምዷት።»

ጋሽ አንሙት «ቃሬዛ እኔም ተሸክሜያለሁ» አሉ። «ይሄን መጀመሪያ ብታወራኝ ኖሮ እስካሁን ዳቦ ተቆርሶ ነበር።»

ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሙሉ ነው። አላስነኩትም።

እስኪ ፍረዱኝ፦ በእጁ እውነት ይዞ፣ ያውም ያማረ እውነት፣ ውሸት የሚበደር ሰው አይታችኋል? ካያችሁ ንገሩኝ፤ ማኅበር እንመሠርታለን። አጎቴ ሰብሳቢ ይሆናሉ።

ትርንጎ ነጠላዋን ከችንካሩ አወረደች።

«ትርንጎ» አልሁ።

አሁን አየችኝ። የተቆጣች አትመስልም ነበር፤ የደከማት ነው የምትመስለው።

«ባጃጁ ውስጥ ያለኸውን ልጅ ነበር ሽማግሌ ላክ ያልሁት» አለች። «ኃላፊውን አላውቀውም።»

ወጣች። ቦራ ሲያያት ሲያሽካካ ሰማሁ። በሩንም በኃይል አላጋጨችውም፤ እጀታውን ይዛ፣ ቀስ አድርጋ፣ ከውጭ ዘጋችው።