የፍልፈል ጠበቃ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲመዘን ምን ይወጣዋል? በየመንደሩ ማንም ሳይሾመው ለሌላው የሚሟገት አንድ ሰው አይጠፋም፤ የሱን ዕድሜ መመዘን ደግሞ ከሁሉም ያስቸግራል። ለኛ ለሎማ ሴካ ሰዎች የደረሱን ክብርት ዶኛ ኤርሚንዳ ነበሩ። ደንበኛቸውም ፍልፈል።

ከብት አርቢው ኒካኖር ጎረቤታቸው ስለሆነ ሙግቱን ሁሉ ማቴ ከሚባለው የቅጠል ሻይ ጋር ጠጥቶታል። በኛ ዘንድ ከእጅ እጅ የሚዞረውን የማቴ ቅል ሲመልስ «አመሰግናለሁ» ያለ ሰው በቃኝ ማለቱ ነው። ዶኛ ኤርሚንዳ ይህን ቃል ከአፋቸው አውጥተው አያውቁም፤ ስለዚህ ማቴውም ሙግቱም ማለቂያ የለውም።

«ክብርት ጠበቃ፣ የደንበኛዎ ጉድጓድ የፈረሴን እግር ሰበረው!»

«ፈረስህ ዓይን የለውም? ወይስ ጌታውን መስሎ ነው?»

የዱር አሳማዎች ከኮረብታው ወርደው ሜዳውን በአፍንጫቸው ሲገለብጡት ኒካኖር ፈነደቀ። የፍልፈሎቹ መተላለፊያ ተናደ፣ የሚበሉት ሥር ተበላ፣ ግልገሎቻቸውም አብረው። «በነፃ የሚያርስልን መጣ!» እያለ በየደጁ አወራ።

«ፍልፈል አፈሩን እፍኝ እፍኝ እያደረገ ነው የሚያወጣው፤ ሣሩ መልሶ ያለብሰዋል» አሉት ዶኛ ኤርሚንዳ። «አሳማ ግን ሜዳውን እንዳለ ነው የሚገለብጠው። ቆይ ብቻ፣ እሾህ ታጭዳታለህ!»

አጨዳት። ከብቶቹ ከሱ። አመሻሹ ላይ ከመሬት በታች ይሰማ የነበረው የፍልፈሎቹ ቱክ ቱክም ጠፋ። ያንን ድምፅ ሲራገም የኖረው ኒካኖር፣ አጥር ሲጠግን ድንገት ቆም ብሎ ያዳምጥ ጀመር።

ዶኛ ኤርሚንዳ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ኒካኖር በመጣ ቁጥር ይጠይቁታል።

«ዛሬስ ሰማህ?»

«ሰማሁ እንጂ! ጆሮዬን አደነቆሩት» ይላል። ምንም አልሰማም።

«እንግዲያው ስቀበር ሲሚንቶ እንዳታፈሱብኝ። ከደንበኞቼ አንዱ ቢመጣ የት ይቆፍራል?»

የሞቱ ጊዜ አሳማዎቹ መቃብር ቦታው ድረስ ደርሰው ነበር። ኒካኖር ማንም ሳይሾመው ከለቀስተኛው መሐል ተነሥቶ «ሲሚንቶ አይፈስባቸውም» ብሎ ለዶኛ ኤርሚንዳ ተሟገተላቸው።

«አሳማ አጥንታቸውን ያውጣው ነው የምትለው፣ አንተ ሰውዬ?» አለው ግንበኛው።

እጅጌውን ሰብስቦ ሲሚንቶውን ያቦካው ኒካኖር ራሱ ነው።

ዶኛ ኤርሚንዳ በዕድሜያቸው ለራሳቸው የለመኑን ነገር ቢኖር ይቺው ብቻ ነበረች፤ እሷንም ከለከልናቸው።