ባለጢሙ ሰው በየትኛው ገጽ ታሰረ?

(ዲላ፣ በንጉሡ ዘመን፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፤ ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ዋርካ ሥር። ማመልከቻ ጸሐፊው ተሻለ እዚህ ጥላ ሥር አንዲት ጠረጴዛ ዘርግቶ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው እንባ በቀለም ሲገለብጥ ኖሯል። እሱ የማያውቀው ነገር አለ ቢባል ከሁሉ በፊት የሚገረመው እሱው ራሱ ነው። ዛሬ ባለጉዳዮቹን “ሰኞ ኑ” ብሎ መልሷቸው፣ ከጎረቤቱ ከቡና ጆንያ ሰፊው ከሽብሩ ጋር አንድ መጽሐፍ ይጓተታል። ሽፋኑ የወለቀ፣ ከዳር እስከ ዳር ሥዕል የሆነ መጽሐፍ ነው። ሁለቱ አባቶች በተራ እየወሰዱ ለልጆቻቸው ይተርኩታል።)

ተሻለ፦ ልቀቅ አልኩህ! ዓርብ የእኔ ቀን ነው!

ሽብሩ፦ የእርስዎ ነው ጋሽ ተሻለ። ግን ውሉ “ዓርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ” ይላል ብለው አንብበውልኝ ነበር። አሁን ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ተሻለ፦ ውሉን ማን ጻፈው?

ሽብሩ፦ እርስዎ። እኔ አውራ ጣቴን ብቻ ነው ያሳረፍኩት።

ተሻለ፦ ታዲያ የጻፈው ያውቃል ወይስ ያሳረፈው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት አንተን አይተው ነው!

ሽብሩ፦ (ለቀቀለት) እንኩ ይውሰዱት። ይቀደድብናል።

ተሻለ፦ (እጥፋቱን በእጁ እየዳበሰ) ተቀመጥ። ነገሩ የሰዓት ነገር አይደለም። የእኔ ውዳሴና ያንተ አሰፋች ከሰኞ ጀምሮ ተኳርፈዋል። ከአንደኛ ክፍል እስከ አራተኛ ባንድ ወንበር የተቀመጡ ልጆች! ለምን? አንተ ባለጢሙን ሰው ሌባ ነው እያልክ ልጅህን ስለምታሳስታት!

ሽብሩ፦ ሌባ ነዋ።

ተሻለ፦ ደግ ሰው ነው!

ሽብሩ፦ ሳጥን ይዞ ይሮጣል እኮ።

ተሻለ፦ ሳጥን የያዘ ሁሉ ሌባ ነው? በል ዛሬ እንደ ልጅ ከሥር ከመሠረቱ አስተምርሃለሁ። (ጣቱን በምራቁ አርሶ ከግራ በኩል ገለጠ። ሽብሩ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።) ገጽ አንድ። ባለጢሙ ሰው እስር ቤት ነው፣ ያለቅሳል። አየህ?

ሽብሩ፦ አየሁ። ምን አድርጎ ነው?

ተሻለ፦ እሱ ገና ነው።

ሽብሩ፦ ምን እንዳደረገ ሳይታወቅ ታሰረ?

ተሻለ፦ (በሐዘኔታ) ሽብሩዬ፣ መጋዘን ውስጥ ስትሰፋ ስለምትውል አገር አታውቅም፣ አልፈርድብህም። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት እዚህ በር ላይ ተቀምጫለሁ። ሰው መጀመሪያ ይታሰራል። ያደረገው ነገር ከዚያ በኋላ ቀስ ተብሎ ይፈለጋል። ይህን የጻፈው ሰው ሥነ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነው።

ሽብሩ፦ እሺ። ገጽ ሁለት?

ተሻለ፦ ችሎት። ዳኛው ጣታቸውን ቀስረው ይፈርዳሉ።

ሽብሩ፦ ክሱስ የታል?

ተሻለ፦ አትቸኩል አልኩህ! ፍርዱ ይቅደምና ክሱ ይደርሳል። ይሄ ጭንቅላቱን በነጭ ጨርቅ የጠመጠመው ወፍራም ነጋዴ ምስክር ነው።

ሽብሩ፦ ጭንቅላቱን ምን ሆኖ ነው?

ተሻለ፦ ምን ይሆናል? ሰው ዳኛ ፊት ሲቀርብ ነጭ ይለብሳል። ገጽ ሦስት፣ ፖሊሱ የባለጢሙን ካቴና ሲፈታለት።

ሽብሩ፦ እያሰረው መሰለኝ።

ተሻለ፦ ታስሮ ጨርሷል እኮ! የታሰረውን ስንቴ ያስሩታል? ገጽ አራት፣ ሳጥን ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ። ያለ ጥፋቱ ለታሰረበት ካሳ ነው። ፖሊሶቹም ያጅቡታል።

ሽብሩ፦ እየሮጡ?

ተሻለ፦ ካሳ የተፈረደለት ሰው ቆሞ ይጠብቃል? ትእዛዙ ሳይቀየር ይሮጣል እንጂ!

ሽብሩ፦ ውሻውስ?

ተሻለ፦ ውሻው... የመንግሥት ውሻ ነው። አብሮ ተደስቶ ነው።

ሽብሩ፦ ሱሪውን ነክሶ?

ተሻለ፦ አንተ ደስታ አይገባህም። ገጽ አምስት። ሳጥኑን ለራሱ አላስቀረውም፤ ለዚያ ለመሰከረለት ነጋዴ ሊሰጠው በመስኮት ይገባል።

ሽብሩ፦ በሩ እያለ በመስኮት?

ተሻለ፦ አንተ ደግሞ እሑድ እሑድ ከሚሲዮኑ ጸሎት ቤት አትጠፋም! “ቀኝ እጅህ የምትሠራውን ግራ እጅህ አትወቅ” የሚለውን አልሰማህም?

ሽብሩ፦ ሰምቻለሁ። (መጽሐፉን፣ ቀጥሎ የተሻለን ግራ እጅ አየና አንገቱን ደፋ።) እንዲያውም ዛሬ ነው በደንብ የገባኝ።

ተሻለ፦ ጎሽ! ገጽ ስድስት። ነጋዴው ሳጥኑን ሲያይ ከደስታ ብዛት ወደቀ። ባለጢሙም እንዲደገፍበት ከዘራውን ያቀብለዋል።

ሽብሩ፦ አናቱ ላይ?

ተሻለ፦ በቅርብ በኩል ነዋ! መጨረሻው ገጽ። (ድምፁ ዝግ አለ።) ነጋዴው አልጋው ላይ ተኝቷል። ሳጥኑ ከአልጋው ሥር ነው። መስኮቱ ተዘግቷል። ሁሉም ሰላም።

(ተሻለ ይህን ገጽ ሁልጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። በአሥራ አንድ ዓመት ከጻፋቸው ማመልከቻዎች አንዱ እንኳን ሰው በገዛ አልጋው ተኝቶ አላለቀም። ውዳሴ ይህን ታውቃለች፤ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርሱ ራሷን ክንዱ ላይ ጣል ታደርጋለች። ከሳምንቱ ሁሉ የሚወዳት ሰዓት ያቺ ናት፤ ዓርብን የሚጠብቃትም ለሷ ሲል ነው።)

ሽብሩ፦ ቆንጆ ነው። ግን ጋሽ ተሻለ፣ ይሄ ሁሉ እዚያ ፊደሉ ላይ አለ?

ተሻለ፦ ቃል በቃል! እንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ከፍተኛው። ፊደሉ ተያይዞ ሲፈስ አታይም? ጎበዝ ጸሐፊ ሲቸኩል እንዲህ ይያያዝበታል። ነጥቦቹን ደግሞ እያቸው። ይሄን ሁሉ ነጥብ ቦታ ቦታው ማስቀመጥ የተማረ ሰው ሥራ ነው።

ሽብሩ፦ ነገ በወላጆች በዓል ላይ ውዳሴ የምትናገረው ይህንኑ ነው?

ተሻለ፦ (ደረቱን ነፍቶ) ይህንኑ! ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፌ ሰጥቻታለሁ፤ በቃሏ ይዛዋለች። ስማ፦ “የባለጢሙ ጉዳይ ባጭሩ እንደሚከተለው ነው፤ አስቀድሞ ታሰረ፤ ቀጥሎ ተፈረደበት፤ ከዚህ በኋላ ተያዘ።” ግርጌው ላይ “ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ” ብዬ ፈርሜበታለሁ።

ሽብሩ፦ በስምዎ?

ተሻለ፦ ከነአባቴ! መምህርቷ ወይዘሮ ጽጌማርያም ሲያነቡት እንባቸው ወረደ።

ሽብሩ፦ ሆዳቸውን ይዘው ነበር?

ተሻለ፦ አዎ፣ አንጀታቸውን በልቶት። ማን ነገረህ?

ሽብሩ፦ አሰፋች። “መምህርታችን ሆዳቸውን ይዘው መቆም አቃታቸው” አለችኝ። እንግዳ ማን ይመጣል?

ተሻለ፦ የፍርድ ቤታችን ዳኛ! የመጥሪያውን ደብዳቤ እኔው ራሴ ነኝ የጻፍኩት። “ክቡርነትዎ በግንባር ቀርበው እንዲሰሙ” ብዬ። ከፊት ወንበር ተይዞላቸዋል።

ሽብሩ፦ (ከኪሱ የጆንያ መርፌውን አውጥቶ ያገላብጠው ጀመር።) ጋሽ ተሻለ፣ ዝም አይነቅዝም ብዬ ነበር። አሁን ግን ሊነቅዝ ነው።

ተሻለ፦ ምን ትላለህ አንተ?

ሽብሩ፦ መጽሐፉን ጨርቅ ነጋዴው ሰይድ ነው የሰጠኝ። ከድሬዳዋ በመጣ የጨርቅ ጥቅል ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘው። ማንበብ ስለማልችል አንድ ከሰዓት ሙሉ አነበበልኝ።

ተሻለ፦ ሰይድ? ሰይድ ከመቼ ወዲህ ነው እንግሊዝኛ የሚያውቀው?

ሽብሩ፦ አያውቅም። ዓረብኛ ግን ያውቃል።

(ከይርጋጨፌ ቡና ጭኖ የመጣ መኪና አቧራውን አልብሷቸው አለፈ። ተሻለ አቧራውን አላራገፈም።)

ተሻለ፦ ዓረብኛ።

ሽብሩ፦ ዓረብኛ። ሲሰጠኝም “በዚህ በኩል ክፈት” አለኝ። ሰይድ የሱቁን ደብተር ሁልጊዜ በዚህ በኩል ነው የሚከፍተው፤ ከመጋዘኑ በር ላይ ስሰፋ አየዋለሁ። (ከቀኝ በኩል ገለጠለት።) ነጋዴው ተኝቷል። ባለጢሙ መጣ። በዱላ መታው። ሳጥኑን ይዞ በመስኮት ወጣ። ፖሊስ አባረረው፣ ውሻው ነከሰው፣ ተያዘ፣ ተፈረደበት፣ ታሰረ፣ አለቀሰ። አለቀ።

(ተሻለ መጽሐፉን ተቀብሎ ከቀኝ ወደ ግራ አንዴ ገለጠ። ውሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። ውሻው አልተደሰተም።)

ተሻለ፦ ይሄን ሁሉ ጊዜ... አንተ ሰው፣ ለምን አልነገርከኝም? ልጄ ፊት ስንት ዓርብ ሙሉ መሳቂያ ስሆን!

ሽብሩ፦ ውዳሴ አትንገሩት ብላ ለምናን ነው።

ተሻለ፦ ውዳሴ? ውዳሴ ታውቃለች?

ሽብሩ፦ ከጥምቀት ጀምሮ። አሰፋች ነግራታለች። “አባቴ በሚያነብበት በኩል ሲሆን ነጋዴው ይድናል፤ እኔ እሱን ነው የምፈልገው” አለቻት። ሰኞ ዕለት ደግሞ የኔዋ “ዳኛው ሳይመጡ ለአባትሽ እነግረዋለሁ” ስትላት ውዳሴ ሹሩባዋን ይዛ ጎተተቻት። ጠቡ ይኸው ነው። ማን ሌባ ነው በሚለው አይደለም የተጣሉት።

(ተሻለ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አደረገው፣ ደግሞ አወለቀው። አፈረ። ከማፈሩ በላይ ግን ደስ አለው፤ ደስ ማለቱም መልሶ አሳፈረው።)

ተሻለ፦ አልሳቀችብኝም እኮ። ራሷን ክንዴ ላይ ጣል ታደርግ ነበር። (ድንገት ተነሣ።) ቆይ፣ ዳኛው ሳይመጡ ነው ያልከኝ? ዳኛው ምን አገባቸው?

ሽብሩ፦ እኔ ሞኝ ሰው ነኝ፣ አላውቅም። ግን ባለጢሙ መጀመሪያ ታሰረ፣ ከዚያ ተፈረደበት፣ ከዚያ ተያዘ፣ ሰው የመታው መጨረሻ ላይ ነው ሲባል አዳራሹ ሁሉ የሚያየው ወዴት ነው? ወደ ፊተኛው ወንበር አይመስልዎትም?

ተሻለ፦ (ተመልሶ ተቀመጠ።) ወይኔ ተሻለ! በፊርማዬ አረጋግጣለሁ ብያለሁ!

ሽብሩ፦ ከነአባትዎ።

ተሻለ፦ በግንባር ቀርበው እንዲሰሙ ብያለሁ!

ሽብሩ፦ ሞኝና ወረቀት... የቀረውን እርስዎ ያውቁታል።

ተሻለ፦ ምን ይሻለኛል?

ሽብሩ፦ ቀላል ነው። አሁን ቤት ይግቡና ለውዳሴ በቀኝ በኩል ያንብቡላት። ነገ እሱን ትናገራለች። ሌባው ሌባ ይሆናል፣ ዳኛው ያጨበጭባሉ።

(ተሻለ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አደረገ። በቀኝ በኩል ሲነበብ እውነተኛው ታሪክ አለ፤ መጨረሻው ለቅሶ ነው። እንዲህ ያለውን እሱ በየቀኑ ይጽፈዋል። በግራ በኩል አንዲት ልጅ ጓደኛዋን እስክታጣ የጠበቀችው ውሸት አለ።)

ተሻለ፦ አይሆንም።

ሽብሩ፦ ምኑ?

ተሻለ፦ በቀኝ በኩል አላነብላትም። ማወቋን እንዳወቅኩ ታውቃለች፤ ዓርባችን በዚያው ይቀራል። የፈለገችውን ትናገረው። አሰፋችንም ይዘሃት ና፣ ከእኔ ጎን ትቀመጥ፤ ይታረቃሉ። (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ግን ሽብሩ...

ሽብሩ፦ አቤት ጋሽ ተሻለ?

ተሻለ፦ ምንም አላጠፋሁም እኮ። ዝም ብለው ያስሩኛል?

ሽብሩ፦ (መርፌውን ኪሱ ከቶ፣ አቧራውን ከተሻለ ትከሻ ላይ እያራገፈ) ምን ያስቸኩልዎታል? መጀመሪያ ይታሰሩ፤ ጥፋትዎ በመጨረሻው ገጽ ይመጣል።