ሊጠይቀን መጥቶ የወከለን ሰው

በቅኝ ግዛት ዘመን አንድ ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ ስለ ሰው አገር ሊጽፍ ሄዶ የዚያው አገር ተወካይ ሆኖ የፈረንሳይ ፓርላማ ገባ ቢሏችሁ ይገርማችኋል? እኔን አይገርመኝም። እኛም በምንኖርበት የጀርመን ሰፈር፣ ኖርድቬስትሽታት ውስጥ፣ አንድ አለን።

ጋዜጠኛው ታደሰ የሚኖረው ከእኛ ሕንፃ ርቆ፣ ኡንተርሊደርባህ የሚባል ሌላ ሰፈር ነው። ስለተበላሸው ሊፍታችን ሊጽፍ መጣና እያለከለከ ስምንተኛ ፎቅ ወጥቶ ጎረቤታችንን እማማ ከድጃን ስለሚያማቸው ጉልበት ጠየቃቸው። ጽሑፉ ሁላችንንም አስለቀሰን፤ ወዲያው የተከራዮች ተወካይ አድርገን መረጥነው። እያለቀሱ መምረጥ ደግ አይደለም መሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሕንፃው አስተዳደር ጋር ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ነበረን። ታደሰ ከረባቱን አስተካክሎ ተነሣና፣ «ሕዝቤ ታጋሽ ነው፤ ደረጃ መውጣት ባህላችን ነው» አላቸው። የአስተዳደሩ ሰዎች በደስታ አጨበጨቡ።

በሁለት ጎረቤቶች ተደግፈው የወረዱት እማማ ከድጃ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ እባክህ ወደ ጋዜጠኝነትህ ተመለስ። ያኔ እኮ ቢያንስ ትጠይቀኝ ነበር።»