ፎቶ ጀርባ የለውም

ፎቶ አንሺ የሌለው ከተማ የለም፤ ራሱን «ፎቶ አንሺ» ብቻ ብሎ የሚጠራ ፎቶ አንሺም የለም። አንዱ አርቲስት ነው፣ ሌላው ዳይሬክተር። የሰቆጣው የእኛ ክቡር ባለሙያ ጋሽ ምንይሉ ግን ከሁሉም በልጦ በስቱዲዮው በር ላይ በቀይ ቀለም «የፋሽን ፎቶ» ብሎ ጽፎ ነበር።

ፋሽኑ ሦስት ኮት ነበር፦ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ደግሞም ወርቃማ ቁልፍ የተደረደረበት ሰማያዊ። ሦስቱም ለአንድ ግዙፍ ሰው የተሰፉ ይመስላሉ። ከፃግብጂ የመጣ ቀጭን ገበሬም ሆነ እንደ እኔ ለሚኒስትሪ ፈተና ፎቶ የሚነሣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሲለብሳቸው፣ ጋሽ ምንይሉ ከኋላ ዞሮ ትርፉን ጨርቅ ይሰበስብና በልብስ መቆንጠጫ ይይዘዋል። ከፊት ሚኒስትር፣ ከኋላ የልብስ ማስጫ ገመድ። «ኧረ ጋሼ፣ ጀርባዬ!» ካልነው መልሱ አንድ ነበር።

«ፎቶ ጀርባ የለውም!»

በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ከመቀሌ የቪዲዮ ካሜራ ገዝቶ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፎቶ ወደ ቪዲዮ የተሻገረበትን ታሪክ ማስቀረጽ ያዘ፤ ቀራጯ ሚስቱ ዓለምብርሃን ነበረች። በየገበያው ቀን ቴሌቪዥኑን ስቱዲዮው ደጃፍ ላይ አውጥቶ ተከታታዩን ያሳየናል። ክፍል አንድ፣ ጋሽ ምንይሉ ጺሙን ሲላጭ። ክፍል ሁለት፣ ጋሽ ምንይሉ ሌንስ ሲወለውል። ክፍል ሦስት፣ ጋሽ ምንይሉ ሩቅ ተራራ ላይ አተኩሮ ሲያስብ፤ ማሰቡ ብቻ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።

ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ረሒማ አታልፈውም።

«ምንይሉ፣ ዛሬስ ምን ልታሳየን ነው? ጫማህን ስታስር?»

«እሱ ክፍል አራት ነው፣ ታገሺ።»

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ክፍል አራት እሱው ነበር፤ አሥራ አንድ ደቂቃ። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አያለሁ። አንድ ቀን ክፍል ሦስት ላይ በሚያስበው ሰውዬ ትከሻ በኩል የእናቴ አህያ ሳር ጭና ስታልፍ አየሁና ፈዝዤ ቀረሁ። ሳያት ያደግሁት አህያ እንዲህ ውብ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ክፍል አምስት የመጀመሪያው ሰርግ ሊሆን ነው። የሙሽራዋ የእታገኝ አባት፣ አቶ ወልደ ኢየሱስ፣ የልጃቸውን ዳስ ሲተክሉ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። ጾሙ ሊገባ ነውና ሰርጉ አይራዘምም። ጋሽ ምንይሉን አስጠሩት።

«እናቷ ከሞተች ወዲህ ያቺን ልጅ ለብቻዬ ነው ያሳደግኋት። ከቤቴ ስትወጣ ሳላያት ልቀር ነው። በእኔ ቦታ ደጃፌ ላይ ቁምና ያየኸውን አሳየኝ።»

«አባባ፣ በዓይንዎ እንዳዩት ይቁጠሩት» አለ ጋሽ ምንይሉ።

በሰርጉ ቀን ሙሽራው ካሤ ሰማያዊውን ኮት ለብሶ ነበር፤ ከኋላው አራት መቆንጠጫ። የእታገኝም ቬሎ ስቱዲዮው አዲስ ያስገባው ስለሆነ ስድስት። ጋሽ ምንይሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ ካሜራውን ከፈተ። ሙሽሮቹ አልፈውት ወደ ሚኒባሱ ዘወር ሲሉ ሌንሱ ውስጥ ያየው ነገር ክው አደረገው። ለካ ቪዲዮ ጀርባ አለው!

«ቁሙ! ጀርባ አትስጡኝ! ፊታችሁን ወደ እኔ!»

«ታዲያ እንዴት እንሂድ?» አለ ካሤ።

«ወደኋላ!»

«ጋሼ፣ እኔ ሙሽራ ነኝ እንጂ አይሱዙ ነኝ?»

«ዝም በል! አባቷ ናቸው የሚያዩት። በመቆንጠጫ የተያዘ አማች ላሳያቸው?»

ሚዜዎቹ በክንዳቸው ደግፈዋቸው፣ ሙሽሮቹ ከደጃፉ እስከ ሚኒባሱ ወደኋላ ሄዱ። የአጃቢው ዘፈን በሳቅ እየተቆረጠ ይቀጥላል። እታገኝ ግን አልሳቀችም። ማን እንደሚያያት ታውቃለችና ዓይኗን ከካሜራው አልነቀለችም።

በሦስተኛው ቀን ቴሌቪዥኑን ከጋሽ ምንይሉ ጋር ግራና ቀኝ ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ረሒማ ከሱቋ ሆና «ሙሽሮቹን በኋላ ማርሽ አወጣሃቸው አሉ!» ብላ ስለጨረሰችው ፊቱ ገርጥቷል። መንገዱን ሙሉ ይቅርታ የሚጠይቅበትን ቃል ሲለማመድ ሰማሁት።

አቶ ወልደ ኢየሱስ ትንፋሻቸውን ውጠው አዩ። ልጃቸው ከደጃፉ ራቀች፣ ራቀች፤ ፊቷ ግን አልዞረም። ሚኒባሱ ጋ ስትደርስ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፁ አይሰማም፤ «አባዬ» እንዳለች ግን ሁላችንም አየን።

«ድገመው» አሉ።

ደገመው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ነገሩ መቆንጠጫው...»

«የምን መቆንጠጫ?» አሉ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ሦስት እህቶቼን ድሬያለሁ። ደጅ ላይ ቆሞ ለሚሸኝ ሰው የሚተርፈው ጀርባ ነው። እኔ ፊቷን አየሁ። በል ድገመው።»

ጋሽ ምንይሉ ማጫወቻው ላይ አጎንብሶ ካሴቱን መለሰ።

ከዚያ ወዲህ የከተማው ሙሽሮች «እንደ እታገኝ አውጣን» ይሉታል። ባለፈው ጥር እህቴ ስትዳር፣ አዲስ ካሜራ ይዞ ከባሕር ዳር ሊመጣልኝ የነበረውን ጓደኛዬን «አትልፋ» አልሁት። በዋዜማው ጠዋት ወጣሁና፣ ወደኋላ ስትሄድ እንዳያደናቅፋት፣ ከደጃፋችን እስከ መንገዱ ያለውን ድንጋይ አንድ በአንድ ለቀምሁ።