የቡሬው ደወልና የገመዱ ልክ

ማስጠንቀቅ ቀላል ሥራ ይመስላችኋል። አፍ ያለው ሁሉ ያስጠነቅቃል፣ ምን ችግር አለው? እኔ ግን በዚሁ ሥራ ተቀጥሬ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝና ልንገራችሁ፤ ጭንቁ መጮሁ ላይ ሳይሆን መቼ እንደሚጮኹ ማወቁ ላይ ነው። ቀድሞ የጮኸ ለፍላፊ ይባላል። ዘግይቶ የጮኸ ደግሞ ለቅሶ ደረሰ እንጂ አላስጠነቀቀም። በሁለቱ መካከል ያለችው ልክ ስንት ጣት ናት? ይህችን ልክ ስፈልግ የራሴንም የአማቴንም ጀርባ ለአለንጋ ልዳርግ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ፣ እዚሁ ቡሬ ነው። ጣሊያኖች ለወታደሮቻቸው ዳቦ የሚሆን ዱቄት የሚፈጭ ወፍጮ ከከተማው ዳር ተከሉ። ወፍጮውን የሚያዞረው ሞተር ያለ ውሃ አይሠራም፤ ውሃ ካላቀዘቀዘው ግሎ ይቃጠላል። ስለዚህ በቦይ የሚመጣው ውሃ የሚጠራቀምበት፣ የሰው ቁመት የሚያህል የብረት ገንዳ ከጎኑ ቆመ። ገንዳው ውስጥ አፉ የታሸገ ባዶ ጣሳ ይንሳፈፋል። ጣሳው ላይ የታሰረው ገመድ ከላይ ከተሰቀለ ደወል ጋር ተያይዟል። ውሃው ሲጎድል ጣሳው ይወርዳል፣ ገመዱ ይወጠራል፣ ደወሉ ይጮኻል። ገመዱ ካጠረ ቀድሞ ይጮኻል፣ ከረዘመ ይዘገያል። እንግዲህ የዚያን ገመድ ልክ የምወስነው ባለሥልጣን እኔ ነበርኩ። ለዚህ ማዕረግ ያበቃኝ ወፍጮውን ከሚያሠራው ጣሊያናዊ መካኒክ ጋር የሚያግባባ ጥቂት ጣሊያንኛ ማወቄ ነው።

አሁን ከገንዳው ሽቅብ እንውጣ። አማቴ አያ ይግዛው የውሃ አባት ናቸው። የውሃ አባት ማለት ገበሬው መርጦ የሾመው፣ የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያካፍል፣ ቦይ በሚጠረግበት ቀን አካፋ ይዞ ያልወጣውን ከተራ የሚሰርዝ ሰው ነው። ጊዜው የበርበሬ ችግኝ ውሃ የሚጠጣበት በጋ ነበር። የቡሬ ሰው ራሱ ቢጠማ ይታገሣል፤ ችግኙ ከተጠማ ግን እንቅልፍ የለውም። ጣሊያኑ ማንንም ሳይጠይቅ ቦዩን ወደ ገንዳው ጠለፈ። አያ ይግዛውም ማንንም ሳይጠይቁ ወደ ችግኝ መደቡ ይመልሱት ጀመር። መካኒኩ ውሃ ሲመልስ የተያዘ ሰው እንደሚገረፍ በአዋጅ አስነገረ። አማቴ ቢገረፉ ሚስቴን በምን ዓይኔ ላያት ነው?

ፈሪ ነኝና መጀመሪያ ገመዱን አሳጠርኩት። ነፋስ ገንዳውን ሲነካው ደወል፣ ቁራ ሊጠጣ ጎንበስ ሲል ደወል። መካኒኩ ሞተሩን አጥፍቶ እየሮጠ ይወጣል፤ ገንዳው ጢም ብሎ ያገኘዋል። በሦስተኛው ቀን መሮጡን ተወና ደወሉ እየጮኸ ፂሙን ይላጭ ጀመር። በመጨረሻ ጆሮውን ሲያመው አስረዝመው አለኝ። አንድ ክንድ ጨመርኩበት።

አሁን ደወሉ በእውነት ውሃ ሲጎድል ብቻ የሚጮኽ ሆነ። መካኒኩም በጮኸ ቁጥር አስካሪ የሚባሉ አራት የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች አስከትሎ ሽቅብ ይወጣል። ግን ደወል የሚሰማው እሱ ብቻ ነው እንዴ? ሸለቆው ሁሉ ይሰማል። እሱ የጫማውን ክር አስሮ እስኪጨርስ ገበሬው ውሃውን ወደ ገንዳው ለቅቆ እጁን ታጥቧል። መካኒኩ ሲደርስ የሚያገኘው ኩልል እያለ የሚወርድ ውሃና ሾላ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነው። ሌባውንና ዘበኛውን እኩል የሚያስጠነቅቅ ደወል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠብቄ አውቃለሁ።

አያ ይግዛውማ ይባስ ብለው ተራውን በደወሉ ይለኩ ጀመር። ዱሮ በጥላ ነበር የሚለኩት። አሁን ደወሉ ሲጮኽ የአንዱ ተራ ያበቃል፣ ገንዳው ሲሞላ ሌላው ይከፍታል። አንድ እሑድ ምሳ ጠሩኝ። ስለ ገመድ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ከቦዩ ጫፍ መደብ ስላላቸው አንዲት ባልቴት ብቻ አወሩኝ፤ ውሃው ችግኛቸው ጋ ሳይደርስ ደወሉ እንደሚቀድማቸው። ልወጣ ስል ክንድ የሚያህል ጠፍር ሰጡኝ። ጠፍር ለምኔ ነው ብዬ መንገዱን አጋመስኩና ገባኝ። ሰኞ ጠዋት ገመዱ ላይ ቀጠልኩት።

ወሬ እግር አለው። ከዚያ ወዲያ ባለ ተራው ሁሉ እንደ ዘመድ ጥየቃ ቁራጭ ገመድ ይዞ ይመጣ ጀመር። ማንን እሺ ብዬ ማንን እምቢ ልበል? ገመዱ ሲረዝም ሲረዝም አንድ ረፋድ ደወሉ ሲጮኽ የገንዳው ጭቃ ታየ፣ ሞተሩም ጨሰ። መካኒኩ ገመዱን መዞ አወጣው። ቃጫው ላይ ጠፍር፣ ጠፍሩ ላይ የጥጥ ፈትል፣ ፈትሉ ላይ የአህያ መጫኛ፣ መጨረሻ ላይ የበቅሎ ልጓም። አለንጋውን አንሥቶ ይህ ምንድን ነው አለኝ። ያለውን ሁሉ ዘከዘክሁ። አማቴን በገዛ አፌ ሸጥኳቸው ብዬ እንባዬ መጣ።

እሱም ግን ጭንቅ ላይ ነበር። ሞተሩ ዳግመኛ ከጨሰ ወታደሩ ዳቦ ያጣል፣ አለቃውም እሱን ይበላዋል። አስካሪዎቹን ትቶ እኔን አስከትሎ ወጣ። ሾላው ሥር ሲደርስ ከእንግዲህ ማንም ውሃውን እንዳይነካ ብለህ ንገር አለኝ፤ ነገርኩ። በዱላቸው ተደግፈው የቆሙት ገበሬዎች አልተነቃነቁም። አያ ይግዛው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ እኔ ዞሩ።

«ለጌታው ንገርልኝ፣ ውሃ አልከለከልነውም። ቦይ ሲጠረግ ግን አንድ ቀን አካፋ ይዞ ብቅ አላለም። ሰው ልኮ ያስጠርግ፣ ሐሙስን እንሰጠዋለን። የበዓሉን ቀን ሁሉ ደግሞ ይውሰድ፤ እኛ በበዓል ቦይ አንነካም፤ ኃጢአቱ የራሱ ነው።»

ተረጎምኩለት። መካኒኩ በዓል ስንት ነው ሲል ጠየቀ። አያ ይግዛው ከልደታ ጀምረው ይቆጥሩለት ገቡ፤ እሱም ጣቶቹን ያጥፍ ጀመር። የሁለት እጁ ጣት አልቆ ቆጠራው ገና ነበር። ፊቱ ሲፈካ አየሁት።

እንዲህ ታረቁ። ወፍጮው በተሰጠው ቀን ብቻ እየፈጨ ውሃ አላጣም፤ ሞተሩ ዳግመኛ አልጨሰም፣ አማቴም አልተገረፉም። ደወሉ ግን ጸጥ አለ። ለማይጮኽ ደወል ጠባቂ ምን ያደርጋል? መካኒኩ አካፋ አስጨብጦ ሽቅብ ሰደደኝ።

የቦይ ጠረጋው ዕለት ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ቆሜያለሁ። አያ ይግዛው ዳር ላይ ሆነው የባለ ተራዎቹን ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው አቤት ይላል። «ጣሊያን» አሉ። ደግመው ጠሩ። ዞር ብዬ ሳይ ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው።

«አቤት» አልኩ።