ሳቅን በመርህ ደረጃ ስለ መደገፍ

ሳቅ ለሚስቁ ሰዎች ብቻ የሚተው ቀላል ጉዳይ አይደለም። ዓላማው ተለይቶ፣ ጠቀሜታው ተመዝኖ፣ በሚመለከተው አካል የቅርብ ክትትል ሊደረግለት እንደሚገባ ለረጅም ዘመን ሳስብ ኖሬአለሁ። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ባጣሁ ጊዜ፣ እኔ ነኝ ብዬ ወሰንሁ።

ለዚህ ኃላፊነት ያለኝን ብቃት የሚጠራጠር ቢኖር፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የግብረ ገብ ትምህርት ተቆጣጣሪ እንደነበርሁ ይወቅልኝ። ሥራዬ በየትምህርት ቤቱ እየዞርሁ፣ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጬ መምህሩን ማዳመጥ፣ ከዚያም አስተያየቴን «ጠንካራ ጎን» እና «ሊሻሻል የሚገባው» ብዬ ለሁለት ከፍዬ ማቅረብ ነበር። በጠንካራ ጎን ሥር ብዙውን ጊዜ «ሰዓት አክብሮ ገብቷል» ብዬ አልፋለሁ። በሁለተኛው ሥር ግን ብዕሬ ደክሞት አያውቅም። እኔ ስገባ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ እኔ ስወጣ ከበስተኋላዬ ሳቅ ይሰማል። ይህን ሳቅ ጉብኝቴ የፈጠረው የመንፈስ መነቃቃት አድርጌ በኩራት ስተረጉመው ኖርሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያው መነቃቃት በቤቴ ውስጥ ቀጠለ። የምንኖረው አራት ሆነን ነው። ባለቤቴ በአዋላጅ ነርስነት አገልግላ እንደ እኔ ጡረታ ወጥታለች፤ ልጃችን ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ባሏ መኪና መንዳት የሚያስተምር፣ ቀኑን ሙሉ «ፍሬን፣ ፍሬን» ሲል የሚውል ልጅ ነው። ከእራት በኋላ እነርሱ ሳሎን ይቀራሉ፣ እኔ መጽሐፌን ይዤ ወደ ክፍሌ እገባለሁ። ብዙም ሳልቆይ ከግድግዳው ወዲያ ሳቅ ይነሣል። የልጄ ሳቅ ቁጥብ ነው። የአማቼ ሊነሣ እንደማይፈልግ ሞተር ይንተፋተፍና ይጠፋል። የባለቤቴ ግን መጀመሪያ ድምፅ የለውም፤ ከዚያ እንደ ፈላ ድስት ክዳን መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ በመጨረሻ ከት ብሎ ይወጣል። በወጣትነታችን ልቤን የወሰደው ይህ ሳቅ ነበር። ከተጋባን በኋላ ይህን ሳቅ ከግድግዳ ማዶ ካልሆነ በቀር የማልሰማበት ምክንያት ምን እንደሆነ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በጥናት የተደገፈ መልስ አላገኘሁም ነበር።

አንድ ምሽት ተነሥቼ በሩን ከፈትሁ። ሳቁ በመቀስ እንደተቆረጠ ክር ቆመ። ሦስቱም ተጠጋግተው አንዲት ስልክ ላይ አቀርቅረው ነበር፤ ስልኳም ወዲያው በፊቷ ተደፋች።

«ምን ያስቃችኋል?»

«ምንም፣ አባዬ» አለች ልጄ።

«ሰው በምንም አይስቅም። ምክንያት ሊኖረው ይገባል።»

«ቪዲዮ ነው» አለች ባለቤቴ እንባዋን እየጠረገች። «አንተ አትወደውም።»

«ሳላየው እንደማልወደው በምን ታወቀ?»

«አይተህም የወደድከው ነገር ስለሌለ ነዋ።»

ባደረግሁት ማጣራት «ጥርስ አይከደን» የሚባል የቤተሰብ ግሩፕ መኖሩ ተደረሰበት። በሌላ ከተማ የምትኖረው የባለቤቴ እህት ሳትቀር አባል ናት። እርስ በርሳቸው አስቂኝ ቪዲዮና አጫጭር ድራማ ይላላካሉ፤ እኔ የቤቱ ራስ የሆንሁት ሰው ግን የለሁበትም።

«እኔ የዚህ ቤት አባል ነኝ ወይስ አይደለሁም?» ብዬ ጠየቅሁ።

ተያዩ። በመጨረሻ ልጄ፣ «እሺ አባዬ፣ እናስገባሃለን። ግን ሕግ አለው። ካሳቀህ ትስቃለህ፤ ካላሳቀህ ዝም ትላለህ» አለች።

«በመርህ ደረጃ እቀበላለሁ» አልሁ።

አማቼ አፉን በመዳፉ ይዞ ወደ ኩሽና ሮጠ። ውሃ ጠምቶት ይሆናል።

የመጀመሪያው ቪዲዮ በማግስቱ ደረሰኝ። አንድ ሠራተኛ ረጅም መሰላል ትከሻው ላይ ጭኖ በጠባብ ኮሪደር ያልፋል። ሰው ይጠራዋል፤ ዞር ሲል መሰላሉ የአለቃውን ስኒ ከእጁ ያስጥለዋል። ይቅርታ ሊጠይቅ ሲዞር ደግሞ ሌላኛው ጫፍ የጸሐፊዋን ኮምፒዩተር ይጠርገዋል። በሚገባ ደጋግሜ ካየሁት በኋላ የሚከተለውን ጻፍሁ፦ «ጠንካራ ጎን፦ ሠራተኛው ሲጠሩት አቤት ማለቱ የሚያስመሰግነው ነው። ሊሻሻል የሚገባው፦ መሰላል የሚሸከም ሰው ከፊትና ከኋላ ረዳት ሊመደብለት ይገባ ነበር። አለቃው ስኒ ይዘው በመተላለፊያ ላይ መቆማቸውም አርአያነት ይጎድለዋል። በአጠቃላይ ከመዞር በፊት ማሰብ እንደሚገባ እንማራለን።»

ማንም መልስ አልሰጠም። ዝምታውን እንደ ጥልቅ ማሰላሰል ቆጠርሁላቸው።

ቀጥሎ የመጣው፣ አባቱ ወረቀት በቀደደ ቁጥር እየተንከተከተ የሚስቅ ሕፃን ነበር። «ሕፃኑ ከወዲሁ በንብረት ብክነት እንዲደሰት እየተደረገ ነው፤ ወላጆቹ ምክር ቢሰጣቸው መልካም ነው» ስል አሳሰብሁ። ወዲያው የባለቤቴ እህት ከግሩፑ መውጣቷን የሚገልጽ ማስታወቂያ ታየ። ስልኳ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አዘንሁላት።

ከዚያ በኋላ ግሩፑ ፍጹም ታረመ። ጠዋት ጠዋት የአበባ ሥዕል ይገባል። ስለ እጅ አስተጣጠብ፣ ስለ ጨው አወሳሰድ ምክር ይገባል። የሚያስቅ ነገር እንደ ወባ ትንኝ ከአካባቢው ጠፋ። ይህን የጣልቃ ገብነቴ የመጀመሪያ ውጤት አድርጌ ልመዘግበው ስል፣ ከእራት በኋላ ግድግዳው እንደ ወትሮው ሳቀ። ያን ጊዜ ገባኝ። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውሯል፤ እኔን ግን ለአሮጌው ሕንፃ ዘበኛ አድርገው ትተውኛል።

ቅር አላለኝም። ምሳዬን አልበላሁም እንጂ ቅር አላለኝም።

በዚያው ሰሞን ቡናማ ኮቴ ጠፋብኝ። መካከለኛው አዝራሩ ወድቆ ባለቤቴ ጥቁር አዝራር የተካችበት፣ ለረጅም ዘመን በቁጥጥር ሥራ ያገለገለ ኮት ነው። አማቼን ስጠይቀው፣ «ላውንደሪ ሰጥቼልዎት ነው ጋሼ፣ ትንሽ አቧራ ነበረበት» አለኝ። አክብሮቱ ልቤን ነካው።

እኔም ተስፋ ሳልቆርጥ፣ ሥርዓት ያለው ቀልድ ራሴ ፈልጌ ላቀርብላቸው ቆርጬ ተነሣሁ። ያገኘኋቸው ብዙዎቹ ሰው የሚወድቅባቸው ነበሩ፤ የወደቀውን የሚያነሣ አላየሁም። ተስፋዬ ሊሟጠጥ ሲል ግን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ «ጋሽ በመርህ ደረጃ» የሚል አጭር ድራማ ከፊቴ ድቅን አለ።

በፒጃማው ላይ ኮት የደረበ፣ ከጥጥ የተሠራ ነጭ ጢም የለጠፈ ሽማግሌ በአንድ ቤት ውስጥ እየተዘዋወረ ይቆጣጠራል። ወደ ምድጃው ቀርቦ ማንቆርቆሪያውን ይመለከታል፤ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጠንካራ ጎን፦ ፈልቷል። ሊሻሻል የሚገባው፦ ጩኸቱ» ይላል። አንዲት ሴት ሶፋ ላይ ተኝታለች፤ ጎንበስ ብሎ ይመለከታትና፣ «ጠንካራ ጎን፦ ዐይኗን ጨፍናለች። ሊሻሻል የሚገባው፦ ሳታስፈቅድ ታልማለች» ይላል። በመጨረሻም የባዶ ክፍል በር በርግዶ፣ ማንም በሌለበት ጣቱን ቀስሮ፣ «ምን ያስቃችኋል?» ሲል ይጠይቃል።

ከውስጤ የማላውቀው ድምፅ ወጣ። መነጽሬ ወደቀ። ወንበሬን ይዤ ስስቅ አንጀቴ ሊቆረጥ ደረሰ። እንዲህ ያለ ቂል ሰው በእውነት ይኖራል? ይኖራል እንጂ፤ ከመንገዱ ማዶ ነው ያለው። ወዳጄ ዳይሬክተሩን ማለቴ ነው። እርሱ ከትምህርት ቤት ርእሰ መምህርነት ጡረታ የወጣ፣ በቁጥጥር ሥራም አብረን የዞርን ሰው ሲሆን፣ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ከምትሠራበት ፋርማሲ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ሰው ደህና ዋልክ ቢለው፣ «ደህና ስንል ምን ማለታችን ነው?» ብሎ የሚጀምር ነው። አጠገቡ መቀመጤ የራሴን ቁጥብነት እንዳደንቅ ረድቶኛል።

ቪዲዮውን ላክሁለት። «ተመልከተው፤ የምናውቀው ሰው ይመስላል» ብዬ አከልሁበት።

ወዲያው መለሰልኝ። «አይቼዋለሁ። ልልክልህ አስቤ፣ ቅር እንዳይልህ ብዬ ተውሁት።»

እኔ ለምን ቅር ይለኛል? ሰው ራሱን ሳያውቅ እንዴት እዚህ ዕድሜ ላይ ይደርሳል ብዬ ከልቤ አዘንሁለት።

ከዚያም ዘበኛ ሆኜ በምጠብቀው ግሩፕ ላይ ለጠፍሁት፤ «እነሆ ቁም ነገር ያለው ቀልድ። ድርቅና ሰውን የት እንደሚያደርሰው የሚያሳይ ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ሊሻሻል የሚገባው አላገኘሁበትም» የሚል ምስጋና ጨምሬ።

ከዚያ ሳሎኑ ፈነዳ። አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ፤ ለካ አማቼ ነው። የክፍሌ በር ተከፈተና ባለቤቴ ስልኳን እንደያዘች ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መናገር አቅቷታል።

«ወደድከው?» አለችኝ እንደምንም።

«እጅግ። ቂሉ ሰውዬ በሚገባ ተሥሏል።»

«ማንን ይመስልሃል?»

«የሰው ስም አላነሣም። መንገዱን ተሻግሮ ያለ ሰው ነው።»

ሆዷን ያዘች። «አንተ ሰውዬ፣ ኮቱን አየኸው?»

«የትኛውን ኮት?»

«በል እስቲ ደግመህ እየው።»

መነጽሬን አንሥቼ አየሁ። መካከለኛው አዝራር ጥቁር ነው። መጋረጃው የእኛ ነው። ሶፋው ላይ የተኛችው ልጄ ናት። ጢሙ የፋርማሲ ጥጥ ነው፤ ከጥጡ በላይ ያሉት ዐይኖች ደግሞ ቀኑን ሙሉ «ፍሬን» ሲሉ የሚውሉ ዐይኖች ናቸው።

«ኮቱ የኔ ነው።»

«ያንተ ነው።»

«ላውንደሪ አልሄደም።»

«አልሄደም።»

«እንግዲያው ሰውየው...»

የሳቋ ክዳን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ከት አለች፤ እዚሁ ክፍሌ ውስጥ፣ ፊት ለፊቴ፣ ግድግዳ ሳይጋርደን። መቆጣት እንደሚገባኝ አልጠፋኝም። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ጣቴን አነሣሁ፣ «በመርህ ደረጃ...» ስል፣ በሩ ሥር ተደብቀው ሲያዳምጡ የነበሩት ልጄና ባሏ ተያይዘው ወደ ውስጥ ወደቁ። ንግግሬ እዚያው ላይ ቀረ። እኔም ሳቅሁ፤ የሳቅሁት ግን በአፈጻጸሙ ጥራት ብቻ መሆኑ ይታወቅልኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ትምህርት ሰጪ በሆነ ነበር። ነገር ግን ድራማው ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰፈሩን አዳረሰ። የአማቼ ተማሪዎች መሪ እንደያዙ «ጠንካራ ጎን፦ ቆሟል» ይባባሉ ጀመር። አንድ ቀን ወደ አግዳሚ ወንበራችን ስቃረብ ዳይሬክተሩን ወጣቶች ከበውት አየሁ። «ጋሽ በመርህ» እያሉ አብረውት ፎቶ ይነሣሉ። እርሱም ኮቱን እያስተካከለ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «እንግዲህ እኔን አይተው ነው የሠሩት» ይላቸዋል።

ወጣቶቹ እስኪሄዱ ታገሥሁ።

«ወዳጄ፣ ያ ሰው አንተ አይደለህም» አልሁት።

«ሰፈሩ በሙሉ አንተ ነህ ይለኛል።»

«አንተስ ያን ዕለት ቅር እንዳይልህ ብለህ አልጻፍህልኝም? ሰውየው እኔ እንደሆንሁ ገብቶህ ነበር።»

«ያኔ ብዙ ሰው አላየውም ነበራ።»

ደሜ ፈላ። «ስማኝ፤ ያ ቂል ሰው እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ ማለትህን ሰማሁ። ማስረጃ አለህ?»

ወደ ቤቴ ተመለስሁና ቡናማ ኮቴን አውጥቼ እስከ አንገቴ ቆለፍሁት።

«በዚህ ሙቀት ኮት ለብሰህ ወዴት ነው?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ክብሬን ላስመልስ።»

በሩን ተደግፋ መሳቅ ጀመረች። ምን እንደሚያስቃት አልጠየቅኋትም። ሳቋን እያዳመጥሁ መንገዱን ተሻገርሁና ወዳጄ ፊት ቀጥ ብዬ ቆሜ ጥቁሩን አዝራር አሳየሁት። መነጽሩን አደረገ። አዝራሩን በጣቱ ነካ፣ ጎተት አድርጎ ፈተነ፣ ከስልኩ ላይ ካለው ጋር አስተያየ።

«ጠንካራ ጎን፦ ማስረጃው ትክክለኛ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ረጅም ተንፍሶ። «ሊሻሻል የሚገባው፦ ከሰው ሁሉ ኋላ ነው ያወቅኸው።»

በመርህ ደረጃ ተቀበልሁት።