ከአማቴ ጋር ላይደንን በእግር

ፌርፋክስ ላይ፣ የአበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት የሎስ አንጀለስ መንገድ፣ ከአንዱ ምግብ ቤት ወጥቶ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወዳለው ሌላ ምግብ ቤት ለመሄድ መኪናውን የሚያስነሳ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ። ምን ላድርግ? ሎስ አንጀለስ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሲታይ ዘመድ አዝማድ ይደነግጣል። “እገሌን በእግሩ ሲሄድ አየሁት፤ ሰላም አይደለም እንዴ?” ይባላል። አንድ ጓደኛዬን ሐኪሙ ተራመድ አለው። ገና ከቤቱ ጥግ ሳይርቅ አንዱ አበሻ መኪናውን አቁሞ “ግባ ላድርስህ” አለው። እንቢ አለ። ሌላው አቆመ። እንቢ አለ። ሦስተኛው ሲያቆም ይሉኝታ ያዘውና ገባ። ኮሌስትሮሉም አብሮት ገባ።

ይህን የማወራችሁ ወድጄ አይደለም። እንዲህ ያለሁት ሰው ሆላንድ ድረስ ሄጄ፣ ከተማ በእግር ለመጎብኘት እንደተሰለፍኩ እንድታውቁልኝ ነው። ለዚያውም ከአማቴ ጋር።

አማቴ እትዬ ጥሩነሽ ይባላሉ። በርባንክ፣ እኛ ቤት ነበር የሚኖሩት። ሚስቴ ሰላም ነርስ ናት፤ እኔ ከኤርፖርት ሰው የማመላልስ ሹፌር ነኝ። ጠዋት ሁለታችንም ውልቅ እንላለን። እትዬ ጥሩነሽ ከቴሌቪዥኑና ከደረጃው ጋር ይቀራሉ። ቴሌቪዥኑስ ደህና ነው፤ ክፉው ደረጃው ነው። አንድ ቀን የረሳሁትን ዕቃ ልወስድ ከሰዓት በኋላ ብመለስ፣ ደረጃው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

“ምነው እትዬ?” ስል፣ “አረፍ ብዬ ነው” አሉኝ።

ለካ ያረፉት ከጠዋት ጀምሮ ነው። ጉልበታቸው አላነሳም ብሏቸው። ስልካቸው ደግሞ ፎቅ ላይ፣ ከትራሳቸው ሥር። ደግፌ ሳስነሳቸው እጃቸው በረዶ ሆኗል። “ለሰላም እንዳትነግራት” አሉኝ። ነገርኳት። ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲህ ሰላም እንቅልፍ አጣች። ፈልጋ ፈልጋ ጋርዴና ውስጥ አንድ የአዛውንቶች አፓርትመንት አገኘች። ሊፍት አለው፣ ጎረቤት አለው፣ ቢወድቁ የሚያነሳ ሰው አለው። ፎቶውን በስልኳ ለእናቷ አሳየቻቸው። እትዬ ጥሩነሽ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አድርገው አዩትና፣ “ስቶሬጅ ነው?” አሉ።

“ኧረ እማዬ! ሲኒየር አፓርትመንት ነው።”

“እሱን ነው የምልሽ። ሰው ቤቱ ያልበቃውን ዕቃ የሚያስቀምጥበት።”

በቃ። ወሬው እዚያ ላይ ሞተ። ሰላም መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች። እውነቱን ለመናገር እሷም ብትሆን የቤተ ክርስቲያኑን ሴቶች አፍ ትፈራለች። “እናቷን ጣለች” እባላለሁ ትላለች። “ሰው ምን ይለኛል” የማይሻገረው ባሕር የለም። ቪዛም የሚጠይቀው የለ።

እንዲህ ሆነን ሳለን የሰላም ታናሽ እህት ሜሮን ወለደች። ሜሮን የምትኖረው ሆላንድ ውስጥ፣ ላይደን በምትባል ጥንታዊ ከተማ ነው። የልጁ ክርስትና ደረሰ። ሰላም ፈቃድ ስለተከለከለች እኔ አማቴን ይዤ እንድሄድ ተፈረደ። ኤርፖርት ላይ ሚስቴ ጆሮዬ ሥር ገብታ፣ “ስለ ጋርዴና ትንፍሽ እንዳትል። አንዲት ቃል ብታመልጥህ ወየውልህ!” አለችኝ። “ኦኬ” አልኩ። አግብታችሁ ከሆነ “ኦኬ” ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ክርስትናው በደኅና አለፈ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ጦርነት ነው። እትዬ ጥሩነሽ ልጁን ያለብሱታል፤ ሜሮን ታራቁተዋለች። “በርዶታል!” ይላሉ እናት። “ሞቆታል!” ትላለች ልጅ። ልጁ በርዶትም ይሁን ሞቆት ያለቅሳል። በመጨረሻ ሜሮን ወደ ማጀት ጠራችኝና፣ “አንተ፣ በእናትህ እማዬን ይዘህልኝ ውጣ። ዎኪንግ ቱር አስመዝግቤያችኋለሁ። አጭር ነው” አለችኝ።

አጭር! በማን እግር?

አስጎብኚያችን ዊለም የሚባል ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ፊቱን ለማየት ሳንጋጥጥ ባርኔጣዬ ወደቀ። ሆላንዶች ሲፈጠሩ መሬት ጠቧቸው ነው መሰል ወደ ላይ ነው ያደጉት። እሱ አንዴ ሲራመድ እኔና እትዬ ጥሩነሽ ሮጥ ሮጥ። የቀሩት ጎብኚዎች ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ነፋሱ ደግሞ የሰውየውን እንግሊዝኛ ከመንገዱ ጎን ወደሚፈሰው የውሃ ቦይ እየወሰደው።

ብስክሌቱስ? ከቀኝም ከግራም ቃጭሉን እያንቃጨለ ይመጣል። እትዬ ጥሩነሽ የብስክሌቶቹን መንገድ ይዘው ነው የሚሄዱት፤ ቃጭል በተደወለ ቁጥር ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ። “አቤት ጨዋ ሕዝብ!” ይላሉ። “የማያውቁትን ሰው ሰላም ሳይሉ አያልፉም እኮ!” አንዱ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። እሱንም ሰላም አሉት።

መስኮቶቹ መጋረጃ የላቸውም። ምሳ የሚበላ ቤተሰብ ከነሾርባው ከመንገድ ይታያል። ሰው ዓይኑን ይሰብራል፤ እሳቸው ግን ቆም ብለው አዩና፣ “ወጥ ቤታቸው ንጹሕ ነው፤ ልጅቷ ግን አትበላም” ብለው መጡ።

ችግሩ የጀመረው በትርጉሙ ነው። እትዬ ጥሩነሽ እንግሊዝኛ የሚያውቁት ለገበያና ለሐኪም የሚበቃውን ነው። ሶ፣ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ዊለም አንድ ድልድይ ላይ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ ብዙ አወራ። ለእኔ የደረሰኝ “ስፔን” እና “ውሃ” ብቻ ነው።

“ምን አለ?”

“ጥሩ ከተማ ነች ይላል።”

“ይህን ሁሉ አውርቶ?”

አፈርኩ። በሚቀጥለው ማቆሚያ ላይ ታዲያ አላሳነስኩም። የስፔን ንጉሥ አመጣሁ። የላይደን ንግሥት ጨመርኩ። አፈቀራት፣ እንቢ አለችው፣ ተናዶ ከተማዋን ከበበ፣ ሕዝቡ ተራበ፣ እሷም ባሕሩን ልቀቁበት ብላ አዘዘች። ከበባው፣ ረሃቡና ውሃው እውነት ነው፤ በኋላ ሜሮን ነገረችኝ። ፍቅሩ የእኔ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም በራሴ ኮራሁ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ እንኳ ማደርም አላስፈለገው። እትዬ ጥሩነሽ እየተጣደፉ ዊለም ዘንድ ደርሰው እጅጌውን ያዙና፣ “ኩዊን... ኩዊን ዌር?” አሉት። ንግሥቲቱ የት ናት ማለታቸው ነው፤ መቃብሯን ሊሳለሙ።

ዊለም ግራ ተጋብቶ ከላይ ወደ ታች አያቸው። “ኖ ኩዊን” አለ።

“ኖ” የሚለውን ደግሞ በደንብ ያውቁታል። ዞረው አዩኝ። ምንም አላሉኝም። አማት ምንም ሳትላችሁ አይታችሁ ታውቃለች?

እንዲህ ተዋርጄ ሳለሁ ነው ዊለም በአንድ ረጅም ግንብ ውስጥ ያለች ጠባብ በር ላይ ያቆመን። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ጎንበስ ብለን ገባን። ውስጡ ሌላ ዓለም ነው። ሣር፣ አበባ፣ የውሃ ፓምፕ፣ አንድ የፍራፍሬ ዛፍ። ዙሪያውን ትናንሽ ቤቶች፤ ለእያንዳንዷ ቤት የራሷ በር። የከተማው ጫጫታ ጠፋ። ዊለም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳን። ድሮ አንድ ልጅ የሌለው ሀብታም ነጋዴ ሲሞት፣ ንብረቴ ለብቻቸው ለቀሩ አሮጊቶች መኖሪያ ይሁን ብሎ ተናዘዘ። አሁንም የሚኖሩበት ብቻቸውን ያሉ ሴቶች ናቸው።

ነፋስ የለም፤ ሁሉንም ሰማሁ። አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ተረጎምኩ። በዚያን ቀን የመጀመሪያዬ መሆኑ ነው።

“ይሄ ከሰውየው ነው ከራስህ?” አሉኝ።

“ከሰውየው ነው እትዬ። መድኃኔዓለምን!”

“መድኃኔዓለምን ተወው። ሰላም ናት የላከችህ። ባሕር አሻግራችሁ አምጥታችሁ የአሮጊት ቤት ታሳዩኛላችሁ? ሜሮንም አለችበት!”

ድምፃቸው ከፍ አለ። ጎብኚዎቹ ዞሩ። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ወደ በሩ አመሩ። ወሬው ሎስ አንጀለስ ሲደርስ ሰላም ምን እንደምታደርገኝ ታየኝ። አንዲት ቃል ሳላወጣ አለቀልኝ ማለት ነው።

ያተረፈኝ አተር ነው። አንዲት አሮጊት ደጃፏ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች። (አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ ግን በአንድ ግቢ ሁለት አንቱ ሲገናኝ ማን እንደተናገረ ይጠፋል። ይቅር በሉኝ።) በጩኸቱ ደንግጣ ነው መሰል ሳህኑ ከጭኗ ተንሸራተተና አተሩ ተበተነ። እትዬ ጥሩነሽ እህል መሬት ወድቆ አይተው ማለፍ አይችሉም። ያ ሁሉ ቁጣ እያለ ጎንበስ ብለው ለቀሙ። ለቅመው ሲጨርሱ ጉልበታቸው ቀና አላደርግ ስላላቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከተቀመጡ ደግሞ እጅ ሥራ አይፈታም። መፈልፈል ጀመሩ። ሁለቱ አሮጊቶች ጎን ለጎን።

ትንሽ ቆይተው፣ ሳያዩኝ፣ “ጠይቃት። ልጅ የላትም?” አሉ።

እኔ በእንግሊዝኛ ለዊለም፣ ዊለም በሆላንድኛ ለሴትዮዋ። ሴትዮዋ ሳቀች። መልሱ በመጣበት መንገድ ተመለሰ።

“አላት እትዬ። ወንድ ልጇ እዚሁ ቅርብ ነው ያለው። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ነይ አብረሽን ኑሪ እያለ ዘወትር ይለምናታል።”

“ታዲያ?”

“እሱ ቤት ድስት ስነካ ‘ተዪው እማዬ፣ ዕረፊ’ ይሉኛል ነው የምትለው። ውለው ሲገቡ ‘ዛሬ ምን ሠራሽ?’ የሚላት የለም፤ ‘ዐረፍሽ ወይ?’ ነው የሚሏት። እዚህ ግን ማንም ዕረፊ አይለኝም ትላለች።”

የእትዬ ጥሩነሽ እጅ ቆመ። አንዲት አተር ጣታቸው መሀል ይዘው ቀሩ። እኛም ቤት እኮ... ድስቱን ከእጃቸው የምንቀበለው፣ “ዕረፉ እንጂ” የምንላቸው እኛ ነን። ፍቅር መስሎን። ቀና ብለው አዩኝ። ደግሞ ‘ከራስህ ነው’ ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

“ይሄን እንኳ አንተ ከየትም አታመጣውም” አሉ ቀስ ብለው።

ሴትዮዋ ተነሥታ እጃቸውን ያዘችና ወደ ቤቷ አስገባቻቸው። በሩ ተዘጋ። ዊለም ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ የቀሩትን ይዞ ሄደ። እኔ ዛፉ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ከውስጥ መሳቢያ ሲከፈት፣ ድስት ሲነሳ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅ ይሰማል። በምን ቋንቋ እንደሚሳሳቁ እግዚአብሔር ይወቅ። ያለ እኔ በጣም ይግባባሉ።

ሲወጡ፣ “ማጀቷ ጠባብ ናት” አሉኝ። ሜሮን ዘንድ ስንደርስ ልጁን አላለበሱትም። ሜሮን አሟቸው ነው ብላ ሐኪም ልትጠራ ነበር።

በርባንክ ከተመለስን በኋላ አንድ ምሽት ራት ቀርቦ ሳለ፣ ከመሬት ተነሥተው፣ “ያ የጋርዴናው ቤት፣ ሽንኩርት ማቁላላት ይፈቅዳል?” አሉ። የሰላም ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። እኔን አየችኝ። “ትንፍሽ አላልኩም!” አልኩ።

ይፈቅዳል። ገቡ። የገቡ ዕለት ሰላም መኪና ውስጥ እስክትደክም አለቀሰች። በሳምንቱ ዶሮ ወጥ ሠርታ፣ “እማዬ ብቻዋን ተቆራምዳ ይሆናል” ብላ ሳንደውል ሄድን። ብናንኳኳ መልስ የለም። ሰላም ደረጃው ትዝ ብሏት ፊቷ ነጣ። ደወለች።

“እማዬ! የት ነሽ?”

“ከጎረቤቴ ከኮሪያዊቷ ጋር ገበያ ወጥተናል። ምነው?”

“ዶሮ ወጥ ይዘንልሽ መጥተን...”

“ዘበኛው ዘንድ አስቀምጪው። ሁለተኛ ስትመጪ ግን በርበሬ ጨምሪበት። የገባሁ ዕለት የተውሽልኝ ወጥ ኮሪያዊቷን አልፋጃትም። ደግሞ ደውላችሁ ኑ እንጂ፤ ሰው ቤት ዝም ተብሎ ይኬዳል?”

ሰላም ስልኩን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። “እናቴ ጣለችኝ” አለች። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል እንባዋን አየሁ።

አሁን ፌርፋክስ ላይ ስንታይ ሰው ይንሾካሾካል። “እናትየዋን አውጥተው የአሮጊት ቤት ጣሏቸው” ይላሉ አሉ። ሰላም አንድም ቀን አላስተባበለችም። አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ቢያንስ እነሱ የጣልናቸው እኛ ነን ብለው ያምናሉ።